ሌላ ካለ ይገለጽ

በአገራችን መሥሪያ ቤት ፊርማ ብቻውን ምንም አይደለም። ከሥሩ ቲተር ማረፍ አለበት፤ ክቡ ማኅተም ደግሞ ገደድ ብሎ ሁለቱንም ካልነካካ ደብዳቤው መዝገብ ቤትን አያልፍም። ያ ሁሉ የተከበረ ቲተር ታዲያ የሚናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስምና የሥራ ኃላፊነት። ባለቤቱ አንተ ይባል እርስዎ፣ ቲተሩ አይገባበትም። ያንን የሚወስነው በሩን ገፋ አድርጎ የገባው ባለጉዳይ ነው። ጠረጴዛውን በዓይኑ ለክቶ፣ ሽበት ፈልጎ፣ ወንበሩ የሚሽከረከር መሆን አለመሆኑን አይቶ፣ ከዚያ በኋላ «እንዴት አደሩ» ወይም «እንዴት አደርክ» ይላል። እኛ ዘንድ ሰላምታ እንኳ ያለ ምርመራ አይወጣም።

ኢሜይል ሲመጣ ቲተሩ ወደ ስክሪን ግርጌ ወረደ። ስም፣ ኃላፊነት፣ ስልክ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ወረቀት ከማተማችን በፊት ለዛፍ እንድናስብ የሚለምን አንድ መስመር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከፈረንጅ አገር በሚመጡት ላይ ሌላ ትንሽ ነገር ተጨመረች፤ ባለቤቱ እንዲጠራበት የሚሻው የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም፤ «ሺ/ኸር»፣ «ሂ/ሂም»፣ አልፎ አልፎም «ዜይ/ዜም»። ሰበታ አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ሽያጭ ክፍል የምትሠራ ወዳጅ አለችኝ። ሰበታ ማለት በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ የሚነሳበት ከተማ ነው፤ ጽጌረዳ ግን ባቡር ስለማይጠብቅ በቦሌ በኩል ነው የሚወጣው፤ ከጽጌረዳው ጋር ቀኑን ሙሉ ኢሜይል ይመላለሳል። ወዳጄ መጀመሪያ ቀን «ሺ ኸር» የገዢዋ የአባት ስም መስሏት «ውድ ወይዘሪት ሺ» ብላ መለሰች። ገዢዋም ጨዋ ነበረች፤ ዝም ብላ አበባውን አዘዘች።

ነገሩ ሲገለጽ ቀላል ነው። ስሙ ወይም መልኩ ወንድ ሴት የማያስለይ ሰው አለ፤ ሲወለድ በተመዘገበበት ፆታ መጠራት የማይሻም አለ። እነሱ ብቻቸውን ተነጥለው ከሚጽፉ ሁላችንም እንጻፍ ተባለ። ሌላው ደግሞ «ፆታዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ የምበትነው ማስታወቂያ አይደለም» አለ። ክርክሩ ከቢሮ ወጥቶ ፖለቲካ ገባና በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የበርካታ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶቹን ሠራተኞች ከኢሜይላችሁ ግርጌ አንሱት ብሎ እስከማዘዝ ደረሰ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ሲነጋገር ጌታውንም ሎሌውንም፣ ወንዱንም ሴቷንም «ዩ» ብሎ ይገላገላል። ሂና ሺ የሚመጡት ሰውየው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ያቺ ግርጌ ላይ ያለች ነገር «ስታሙኝ እንዲህ ብላችሁ እሙኝ» የምትል ናት። እኛ ሐሜት ላይ ተደናቅፈን አናውቅም። የምንደናቀፈው ሰውየው ፊታችን ሲቆም ነው።

«ዜይ» ደግሞ ብዙ ፈረንጅ አስቆጥታለች። አንድ ሰው እንዴት በብዙ ቁጥር ይጠራል፣ ሰዋስው ፈረሰ ተባለ። ይህን ክርክር ለእኛ አሮጊቶች ብታስረዷቸው ምኑ እንደሚያጣላ አይገባቸውም። እሳቸው መጡ፣ እሳቸው በሉ፣ እሳቸው ተኙ፤ ሰውየው አንድ፣ ግሡ የጉባኤ። ወንድ ይሁኑ ሴት ከግሡ አይታወቅም። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን «ዜይ» ሆነው ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ የትም ሳይጽፉት ዐረፉ።

ለደብዳቤ አርቃቂ ይህ ነገር ትልቅ መሸሸጊያ ነው። «ደስታ» ወይም «ምሕረት» የሚባል አመልካች ሲመጣ፣ ወንድ ይሁን ሴት ሳያጣሩ «ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ በሥራ ሰዓት ቀርበው ያነጋግሩን» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ችግሩ ያለው ከላይ ነው፤ «ለ» ከተባለ በኋላ። እዚያ ላይ አቶ ወይም ወይዘሮ ካልገባ ለአርቃቂው ደብዳቤው ራቁቱን የወጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «አቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት» ተብሎ ይታተማል። ወይዘሮ በሆዷ እዝባር ይዛለች፣ ወይዘሪትም እንዲሁ፤ ሦስቱን ለመለየት ሁለት ሲጨመር አራት እዝባር ይሆናል፤ ወደ ስሙ ለመድረስ የቆርቆሮ አጥር መዝለል ነው። ከሥሩ «የማያስፈልገውን ይሰርዙ» የሚል ትእዛዝ አለ። የቸኮለ ባለጉዳይ ሦስቱንም ሰርዞ ይመልሳል፤ እውነቱን ነው፣ ለእሱ ያስፈለገው የቦታ ካርታው ነው።

ሕጉ ከቅጹ ይበልጥ ብልጥ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 7 ላይ «የፆታ አገላለጽ» ብሎ ነገሩን በአንድ መስመር ዘጋው፤ በወንድ ፆታ የተደነገገው ለሴትም ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አዋጆች ይህችኑ አንቀጽ ከትርጓሜው አጠገብ ያስገቧታል። እህቴ ይህን ካነበበች በኋላ «ለምን አንድ ጊዜ በሴት ጽፈው ወንድን ያካትታል አይሉም?» አለችኝ። በሐሳቤ ሞከርኩት። «ሚኒስትሯ ስብሰባ ትጠራለች፤ ይህ አነጋገር ወንድንም ይጨምራል።» ምንም አልፈረሰም። ወንዶቹ ሚኒስትሮች ግን ሲያነቡት ፊታቸው ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ ማሻሻያው ቢረቀቅ ደስ ይለኛል።

ወደ አበባው ስመለስ፣ ፈረንጅ «ሚስተር»ን የሚለጥፈው ከመጨረሻው ስም ፊት ነው። የእኛ የመጨረሻ ስም ደግሞ አባት ነው። ስለዚህ ገዢዎቹ ወዳጄን «ውድ ሚስተር ግርማ» ይሏት ነበር። አባቷ ጋሽ ግርማ ጡረታ ወጥተው ቡራዩ ውስጥ ዶሮ ያረባሉ፤ ስለ ጽጌረዳ ግንድ ርዝመት የሚሰጡት አስተያየት የላቸውም። ሴት መሆኗ ሲነገራቸው «ሚሲዝ ግርማ» አሏት፤ የባሰ መጣ፣ የአባቷ ሚስት አደረጓት። «ሺ/ኸር»ን በራሷ ግርጌ የለጠፈችው ያን ጊዜ ነው። መለጠፏን አልነቅፍም። የእኛን ስም አይቶ ወንድ ሴት መለየት ለማይችል ሰው ሲጻፍ ያቺ ነገር እንደ ስልክ ቁጥር ታስፈልጋለች። ለአገር ውስጥ ግን «ሺ/ኸር» ምን ያደርጋል? ገነት የምትባለውን ሴት ናት ብሎ ለማስታወቅ ነው?

ለአገር ውስጥ የሚያስፈልገው መረጃ ሌላ ነው፤ እርስዎ ወይስ አንቺ? እዚህ ላይ መሸሸጊያው ወጥመድ ይሆናል። በአማርኛ ማክበርና ማስረጀት አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈሩና እዩ። መኪናው የእንጦጦን ጎን ታክኮ ሽቅብ ሲያቃስት ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል። ረዳት የሚያየው መታወቂያ የለም፤ ዓይኑ ራሱ ወሳኝ ኩነት ነው። የኋላውን ጎረምሳ «ብሮ»፣ ባለ ጃኬቱን «አለቃ»፣ ባለ ነጠላዋን «እማማ»፣ ሽበታሙን «ፋዘር»፣ የተማሪ ቦርሳ ያዘለችውን «ቆንጆ» እያለ ይመጣል። በመስኮት በኩል ላፕቶፕ ቦርሳ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት አለች። ሠላሳ ሁለትም ልትሆን ትችላለች፣ ሠላሳ ስምንትም። ረዳቱ ትንሽ ያመነታል፤ ሲያመነታ ሴትየዋም ታየዋለች። ከዚያ «ማዘር፣ ሒሳብ» ይላል። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማዘሯን ለማየት ዞር ይላል። ሴትየዋ ዝርዝር እያላት ድፍን ሁለት መቶ ብር ትመዛለች። «መልስ ስጠኝ!» ረዳቱ እስከ ሱሉልታ ዝርዝር ሲለምን ይከርማል፤ ለምን እንደተቀጣ ግን አያውቅም።

ይህችው ሴት ቢሮ ስትደርስ ባልደረቦቿ «እርስዎ» ቢሏት «ኧረ አንቺ በሉኝ፣ ምን ያህል ያረጀሁ መሰላችሁ!» ትላለች። አዲስ የተቀጠረው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን «አንቺ» ቢላት ደግሞ ቅንድቧ ይነሳል። ልጁ ግራ ይጋባል፤ አንቺ በሉኝ አላለችም? ብላለች። ግን ያለችው አስቀድሞ እርስዎ ላሏት ነው። አንቺነት የሚገባው በእርስዎ በር በኩል ነው፤ በአጥር የዘለለ ሌባ ነው። ይህን ሁሉ በኢሜይል ግርጌ እንዴት አድርገው በአንድ መስመር ይጽፉታል?

ወንድ በሌላው በኩል ተገላግሏል። አቶ ሆኖ ይቀጠራል፣ አቶ ሆኖ ያገባል፣ አቶ ሆኖ ይፈታል፣ አቶ ሆኖ ይቀበራል። ሴት ግን ውኃ ቆጣሪ ለማስገባት ብትሄድ እንኳ በመስኮቱ ቀዳዳ «ወይዘሮ ነሽ ወይዘሪት?» ትባላለች፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ጆሮውን አቁሞ። ፈረንጅ ፆታዬን ልግለጽ አልግለጽ እያለ ሲከራከር እኛ ጋ የትዳር ሁኔታ ከቆጣሪ ክፍያ ጋር ይሰበሰባል። የፈታችውስ? እዝባር የተዘጋጀላት የለም። የሚገርመው ወይዘሮ ድሮ ከባል ጋር ጉዳይ አልነበራትም፤ ከነገሥታትና ከመሳፍንት ወገን ለተወለደች ሴት የምትሰጥ የዘር ማዕረግ ነበረች፤ እየዋለች እያደረች ነው ለባለትዳር ሁሉ የደረሰችው። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ቤተ መንግሥቱ ማዕረጉን «ንግሥተ ነገሥታት» ብሎ በሴት አስተካከለላቸው፤ ጥሩ ሠራ። ባላቸውን ራስ ጉግሣ ወሌን ግን ከአጠገባቸው አራቀባቸው። ንግሥተ ነገሥታትም ሆኖ የትዳር ሁኔታ ጥያቄ አይቀርም ማለት ነው።

ከዚህ ጣጣ ያመለጡት ሯጮች ናቸው። የሱሉልታ ሜዳ ላይ ማለዳ ማለዳ የምናያቸው ልጆች ከቀናቸው ማዕረግ ያገኛሉ፤ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ። ኮሎኔልነት ወንድ ሴት አይልም፣ ያገባች ያላገባች አይጠይቅም። ሆኖም በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ባርሴሎና ላይ አሥር ሺውን ስትጨርስ «አሸነፉ» ብሎ የጮኸ የለም፤ «አሸነፈች!» ነው የተባለው፣ ያውም በእንባ። በጣም ስንወድ ክብሩን እንነሳለን። እግዜርን አንተ እያልን የወረዳ ሥራ አስኪያጁን እርስዎ የምንለውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

እኔን የሚከነክነኝ የፋብሪካ በር ነው። ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ግራ ቀኝ በተደረደሩት በሮች ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ብዙዎቹ ስልሳን የተሻገሩ ናቸው። ሠላሳ ያልሞላው የሒሳብ ሹም ፒክአፑን በሩ ላይ አስጠግቶ፣ ክላክሱን ተጭኖ፣ «አንተ! ክፈት እንጂ!» ይላል። ጥበቃው ካፖርታቸውን እየሰበሰቡ «እሺ ጌታዬ፣ ይግቡ» ይላሉ። ልጅ አባትን አንተ፣ አባት ልጅን እርስዎ። እሑድ ዕለት በዕድራቸው ድንኳን ውስጥ እኒሁ ሰውዬ ዳኛ ናቸው፤ እሳቸው ካልተነሱ ማንም አይነሳም። ያው የሒሳብ ሹም ለቅሶ ሊደርስ ቢመጣ ከደጅ ጫማውን ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት» ይላል። ሰኞ ተመልሶ «አንተ!»። ፔሮል ላይ ያለው ቁጥር ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም አንቱ የሚያሰኘው። ደርግ «ጓድ»ን ይዞ መጥቶ ሁሉን አንድ ሊያደርግ ሞክሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጓድ ራሱ «ጓድ ሊቀመንበር» ሆኖ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ወጣ። እኒህ ጥበቃ ታዲያ ኢሜይል የላቸውም። አንተ አትበሉኝ ብለው የሚጽፉበት ግርጌ ለእሳቸው ማን ሰጣቸው?

ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በተባለው ሥር ገብተዋል፤ የቢሮው ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። በአፋን ኦሮሞ «አቲ» ወንዱም ነው ሴቷም፤ ግሡም ፊት ለፊት ለሚያነጋግሩት ሰው ፆታ አይጠይቅም። ለአክብሮት «ኢሲን» አለ። በደብዳቤው ራስ ላይ ደግሞ «ኦቦ» እና «አዴ» ናቸው፤ በየቢሮው ሲሠራበት እንደማየው አዴ ላይ ባል ሲጠየቅ አልሰማሁም። ለአርቃቂ ዕረፍት ነው። ዕረፍት የሌለው ከአማርኛ የሄደው ሰው ነው። ለሥራ ብሎ ቋንቋውን የተማረው አዲስ አበቤ ፍርሃቱን ተሸክሞ ስለሚሻገር «አቲ» ማለት አይደፍርም። ቡና የምታቀርበውን ልጅ «ኢሲን»፣ ሊስትሮውን «ኢሲን»። አንድ የማውቀው ሰው ቡራዩ ውስጥ መንገድ የዘጋበትን የጎረቤት ውሻ «ኢሲን» እያለ ለምኖ አልፏል። ውሻውም አሳለፈው፤ እንዲህ ተብሎ አያውቅማ።

የአበባ እርሻው ነገር እንዲህ ሆነ። ባሕር ማዶ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት የኢሜይል ግርጌ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን ብሎ ናሙና ላከ፤ ተውላጠ ስሙ ላይ «የፈለገ ይሙላ» የሚል ነበረበት። የሰው ኃይል ክፍሉ ደግሞ ትጉ ነውና ናሙናውን በአማርኛ አዘጋጅቶ በየጠረጴዛው አዞረ። «ሊጠሩበት የሚፈልጉት፦ አንተ / አንቺ / እርስዎ / ሌላ ካለ ይገለጽ።»

አብዛኛው ሰው ባዶውን መለሰ። የመስኖ ባለሙያው «ኢንጂነር» ብሎ ጻፈ። የሽፍት መሪዋ «እንደ ሁኔታው»። ሹፌሩ «ስልክ ብቻ ደውሉልኝ»። ወዳጄ «አንቺ፣ ከተዋወቅን በኋላ» ብላ ሞላች፤ ከሁሉም የተሻለው የእሷ ይመስለኛል። የግዥ ኃላፊው ግን ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ባለፈው ክረምት ነው ያደገው፤ በጥንቃቄ፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ «እርስዎ/እሳቸው» ብሎ ጻፈ። ኢሜይሉም ላይ እንደዚያው ገባ።

በደንቡ ምንም አላጠፋም። ጠየቁት፣ መለሰ። ተቆጥቶ የነገረውም የለም። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ካፌ ሲገባ ከማሸጊያ ክፍል ሴቶች አንዷ በዝቅታ «እሳቸው መጣ» አለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሳቁን በእንጀራ አፈነው። እሳቸው መጡ አይደለም፤ እሳቸው መጣ። በሳምንቱ ሁሉም አፍ ላይ ገባች። «እሳቸው ፈርሞታል?» «እሳቸው ዛሬ ተቆጥቷል።» «ለእሳቸው ሽሮውን ጨምሪለት።» ግሡን በአንድ ሰው ቁጥር ሲሰድዱለት ማዕረጉ እዚያው ላይ ተበላ። ግርጌውን አጠፋ፤ ስሙ ግን አልጠፋም። አሁን ዋና መሥሪያ ቤት ደውሎ ሲፈልገው፣ በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጥበቃ እንኳ፣ እንደ ወትሯቸው ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው በውስጥ ስልክ ለጸሐፊዋ ይነግሯታል፦

«እሳቸው አሁን ገባ።»